አማቴና የዝዋይ ጀምበር

ወልቂጤ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። የመታወቂያ፣ የፓስፖርት ወይም የምረቃ ፎቶ የፈለገ ሰው እኔ ጋ ይመጣል፤ እኔም "አገጭዎን ዝቅ፣ ትከሻዎን ቀና፣ ትንሽ አይተንፍሱ" እያልኩ ኑሮዬን እገፋለሁ። የመታወቂያ ፎቶ ጉደኛ ነገር ነው። እየሳቀ የገባ ሰው ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ርስቱን የተነጠቀ ይመስላል። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ደግሞ የሚቆጣው እኔን ነው። "ይሄ እኔ ነኝ?" ይለኛል። ምን ልበለው? "አይ፣ ጎረቤትዎ ናቸው" ልበል?

እንዲህ ፊት ሳነሳ ኖሬ ኖሬ፣ ፊት የሌለው ነገር ማንሳት አማረኝ። ተራራ "አወፈርከኝ" አይልም። ሐይቅ "ዓይኔን ጨፍኜያለሁ፣ ድገመኝ" አይልም። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ደንበኛ ከየት ይገኛል?

ይህን ምኞቴን በክፉ ቀን ለአቶ ንጉሤ ነገርኳቸው። አቶ ንጉሤ ከመናኸሪያው ወዲያ አዲስ ሆቴል ያሠሩ ሰው ናቸው። ቀለሙ እየተቀባ፣ አልጋው እየገባ፣ የመግቢያው አዳራሽ ትልቁ ግድግዳ ግን ባዶውን ቆሞ ነበር።

"እዚህ ላይ ባሕር እፈልጋለሁ" አሉኝ ግድግዳውን እየደባበሱ። "ጀምበር የምትጠልቅበት ባሕር። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሲገባ 'እፎይ!' እንዲል።"

"ጋሼ፣ ባሕር እኮ የለንም።"

"ታዲያ ያለንን አምጣልኛ! ሐይቅም ቢሆን ውሃ ነው። ሰው አልጋ ሊይዝ መጥቶ ቀምሶ ጨው አለው የለውም አይለኝ!"

ሥራውን ሰጡኝ። በሕይወቴ ያነሳሁት ትልቁ ፎቶ የሙሽሮች ነበር፤ እሱም ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን በላይ የሚሰቀል። ይሄ ግን ግድግዳ ሙሉ! በሆቴሉ በር የሚገባ እንግዳ ሁሉ የሚያየው! ካማረ ስሜ ይወጣል፤ ካላማረም ስሜ ይወጣል። ልዩነቱ አወጣጡ ላይ ነው።

ማታ ማታ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። አንድ ፈረንጅ አለ፤ በግራው ውቅያኖስ፣ በቀኙ ገደል፣ መሐል ላይ እሱና መኪናው ብቻ። ሲያሻው ይቆማል፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ፣ ትራይፖዱን፣ ይተክላል፣ ከፔርሙዝ ቡና ይቀዳል፣ አድማሱን እያየ ዝም ይላል። ነፋሱ ፀጉሩን ያርመሰምሰዋል። "የመልክዓ ምድር ፎቶ ማለት ዝግጅትና ብቸኝነት ነው" ይላል ከሥር የተጻፈው ትርጉም። እኔ ይሄን ቃል እንደ ጸሎት ያዝኩት። ነፋስ የሚያርመሰምሰው ፀጉር ስለሌለኝ ባለ ገመድ ባርኔጣ ገዛሁ። ፔርሙዝም ገዛሁ። ቀረኝ ብዬ ያሰብኩት ብቸኝነቱ ብቻ ነበር።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ከድር የሚባል ቡታጅራ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ፤ አሮጌ ኮሮላም አለችው። ወልቂጤ ለጉዳይ መጥቶ ሲመለስ አብሬው እወጣለሁ፤ ተራራውን አቋርጠን ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ በቆሼ በኩል ዝዋይ ሐይቅ። ጀምበር ሳትጠልቅ ከውሃው ዳር እደርሳለሁ፤ የሐይቁን ዳርቻ ይዘን በዝግታ እንነዳለን፤ ደስ ያለኝ ቦታ "ቁም" እላለሁ። ከድርም ዝም ያለ ሰው ስለሆነ እንደሌለ ቆጥሬው ነበር።

ለባለቤቴ ለትዕግስት ነገርኳት።

"ከማን ጋር ነው የምትሄደው?"

"ብቻዬን። ማለት ከከድር ጋር።"

"ብቻህን ምን ሆነህ?" አለችኝ ግንባሬን በእጇ እየነካች።

በእኛ አገር ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ ታሟል ወይ አንድ ነገር ደብቋል። ስለ መልክዓ ምድር፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ ፈረንጁ አስረዳኋት። ሰማችኝ፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ሄዳ ለእናቷ ነገረች።

አማቴ እትዬ አበበች ከጉንችሬ መጥተው እኛ ጋ ሰንብተው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኔና አማቴ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ በአክብሮት ብዛት ተነጋግረን አናውቅም። እሳቸው እኔን "እርስዎ" ነው የሚሉኝ፤ ያውም በቀጥታ አይደለም። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን እንኳ ከእኔ የሚፈልጉትን ለትዕግስት ነው የሚነግሯት። የዚያን ዕለትም እንዲሁ ሆነ።

"ትዕግስት፣ ቆሼን ያልፋሉ ወይ በይልኝ።"

እኔ አጠገባቸው ነኝ። "ትዕግስት፣ አዎ፣ እናልፋለን በያቸው" አልኩ።

"ሉባባ ቆሼ ነው ያለችው በይልኝ።"

ወይዘሮ ሉባባን በስም አውቃቸዋለሁ። ድሮ አማቴና ባለቤታቸው ቡታጅራ ሱቅ ሳላቸው ጎረቤታቸው የነበሩ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ትዕግስት ስትወለድ አማቴ ክፉኛ ታመው ጡታቸው ደርቆ ነበር። ወይዘሮ ሉባባ የራሳቸውን ልጅ በአንድ ጡት፣ ትዕግስትን በሌላው ይዘው ክረምቱን አሻገሯት። ከዚያ አንዷ ጉንችሬ፣ ሌላዋ ቆሼ ገቡ፤ በሰላምታ ብቻ እየተላላኩ አረጁ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሚስቴን አጥብተው ያቆዩልኝን ሴት ለማየት የሚለምኑኝን አማቴን "የለም፣ ብቸኝነት ያስፈልገኛል፣ ፈረንጁ ነግሮኛል" ልበል?

"ትዕግስት፣ ደስ ይለኛል በያቸው" አልኩ።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ስወጣ ኮሮላዋ ወገቧ ጎብጧል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቅቤ በዕቃ፣ አንድ ጆንያ ድንች፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ። ለወይዘሮ ሉባባ ባዶ እጅ አይኬድም። ትዕግስት ፎቶ ቤቱን ልትጠብቅ ስለቀረች እሷም በምትኳ ይመስለኛል አንድ ፌስታል ሙሉ ዳቦ ላከች። ትራይፖዴ ቦታ አጥቶ በመስኮት እግሩን አወጣ። የካሜራው ቦርሳ ጭኔ ላይ፣ ፔርሙዙ ብብቴ ሥር፣ ዶሮዋ እግሬ ሥር።

"ወላሂ" አለ ከድር ሞተሩን እያስነሳ፣ "ይቺ መኪና ሙሽራ ስትወስድ እንኳ እንዲህ ተጭና አታውቅም።"

አማቴ የኋላ ወንበር ላይ ቆጮውን ተደግፈው ጸለዩ፤ ለመኪናዋ፣ ለጎማዎቹ በየተራ፣ ለከድር፣ በመጨረሻም "ለባለ ካሜራው" ጸለዩ። ከዚያ መዝሙር ጀመሩ። ከድርም በመሪው ላይ በጣቱ እየመታ አጀባቸው። ዝም ያለ ሰው ያልኩት ከድር!

ተራራው ላይ ስንደርስ ጉሙ ገለጥ አለና ከታች ሸለቆው ታየ፤ የእንሰት ማሳ፣ የሣር ቤት፣ በመሐሉ የሚጥመለመል ጅረት። "ቁም!" አልኩ። ከድር ቆመ። ባርኔጣዬን አጥብቄ ትራይፖዴን ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ተከልኩና ወደ ታች ማየት ጀመርኩ።

አንድ ነገር ሳላስብ ቀርቻለሁ። ፈረንጁ አገር መኪና አቁሞ ገደል የሚያይ ሰው ፎቶ አንሺ ነው። እኛ አገር መኪና አቁሞ ገደል የሚያይ ሰው የሆነ ነገር ገብቶበታል።

መጀመሪያ አንድ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙና እኔ የማየውን ያዩ ጀመር። ቀጥሎ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መጡ። አንድ ሚኒባስ አለፈን፤ ትንሽ ሄዶ ፍሬን ያዘ፤ የኋሊት ተመለሰ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ሁሉም ወደ ገደሉ አንገቱን አስግጓል።

"ምን ዓይነት መኪና ነው?" አለኝ አንዱ በሹክሹክታ።

"የቱ?"

"የገባው።"

"የገባ መኪና የለም፤ ፎቶ እያነሳሁ ነው።"

ሽማግሌው ሰሙኝ። "የማንን ፎቶ?"

"የገደሉን።"

"ገደሉ ምን አደረገ?"

ከኋላ ያሉት ደግሞ "ፎቶ" የሚለውን ብቻ ሰምተው "የሟቹን ፎቶ እያሳየ ነው" ተባባሉ መሰለኝ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ራሷን ያዘች። አማቴ ከመኪናው ወርደው በጉራግኛ አንድ በአንድ አስረዱ። ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ብቻ ሕዝቡ ሁሉ ወደኔ ዞሮ በአዘኔታ አየኝና "እግዚአብሔር ይማርህ" እያለ ተበተነ። ሽማግሌው ሲሄዱ ከድርን "ዳር ዳሩን እንዳይሄድ ጠብቁት" ብለው አደራ ሰጡት።

ያነሳሁት ፎቶ ሲታይ ሸለቆው የለም፤ የሚኒባሱ ረዳት ጀርባ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል።

ቡታጅራ ስንደርስ የከድር ቤተሰቦች "ቤት ሳትገቡማ!" አሉ። ገባን። ማሻአላህ ተባልን፣ በላን፣ ድገሙ ተባልን፣ ደገምን። ከቤቱ ስወጣ ሰማዩን አየሁት፤ ፀሐይዋ ከአናቴ ላይ አልፋ ወደ ምዕራብ እያዘነበለች ነው። ስልኬን ከፍቼ ፈረንጁ "ወርቃማዋ ሰዓት" የሚላት፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ብርሃኑ የሚያምርባት ሰዓት፣ መቼ እንደሆነች አየሁ። ወርቃማዋ ሰዓት እየመጣች ነው፤ እኔ ግን ገና ድግስ ላይ ነኝ።

ቆሼ የበርበሬ ወቅት ነበር። በየግቢው፣ በየቆርቆሮው ጣሪያ፣ በየምንጣፉ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል። አገሩ ሁሉ የጋለ ፍም ይመስላል። የወይዘሮ ሉባባን ቤት ጠይቀን ወዲያው አገኘነው። ከበሩ ላይ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ አሮጊት ቆመዋል።

የዘመናት ናፍቆት ነውና አማቴ ሮጠው የሚያቅፏቸው መስሎኝ ካሜራዬን አዘጋጅቼ ነበር። አማቴ ግን ከመኪናው ወርደው ወገባቸውን ያዙ።

"ጠፋሽ!" አሉ።

"እኔ ነኝ የጠፋሁት?" አሉ ወይዘሮ ሉባባ እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው። "ቤቴ እዚሁ ነው! ቤት ይሄዳል እንዴ? እግር ያለሽ አንቺ አይደለሽ?"

"እግሬማ ታሟል!"

"የኔስ መች ዳነ!"

እንዲህ እየተወቃቀሱ ተጠጉ፤ ተጠጉና አንዷ የሌላዋን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ በኋላ ወቀሳ አልነበረም። ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው ቀሩ። እኔ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እንደ ጉቶ ቆምኩ፤ አንድም አላነሳሁ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ኋላ ከድር በርበሬው ነው አለኝ። እኔም በርበሬው ነው አልኩት።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች እንዲህ ተገናኝተው "ጀምበር እንዳትጠልቅብኝ ቶሎ በሉ" የሚል ሰው ምን ዓይነት አረመኔ ነው? እኔ ነኝ ያ አረመኔ። ትንሽ ታገስኩ፣ ተቁነጠነጥኩ፣ ሰማዩን አየሁ፣ በመጨረሻ ተነስቼ ወደ ወይዘሮ ሉባባ ዞርኩ።

"እናቴ፣ ይቅርታ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ሐይቁ ጋ መድረስ አለብን።"

ወይዘሮ ሉባባ ሽቅብ አዩኝ። "ጀምበርማ ነገም ትጠልቃለች። ተቀመጥ፣ ብላ።"

ተቀመጥኩ፤ በላሁ። ስንነሳ ደግሞ ስጦታ ተጀመረ። ለአማቴ ብርቱካናማ ሻሽ፣ ገና ከማሸጊያው ያልወጣ፤ ያኔውኑ ራሳቸው ላይ አሰሩላቸው። ለትዕግስት፣ ለጡት ልጃቸው፣ አንድ ጆንያ የማረቆ በርበሬ። ጆንያው ከመሙላቱ የተነሳ አፉ አልገጥም አለ። እኔና ከድር በእጃችን እየጠቀጠቅን፣ በጉልበታችን እየተጫንን፣ እያነጠስን በገመድ አሰርነው። የመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ በከድር የመኪና ዕቃ ሙሉ ስለነበር ጆንያው ከአማቴ አጠገብ ኋላ ወንበር ላይ እንደ ሰው ተቀመጠ።

ከቆሼ እስከ ዝዋይ ያለውን መንገድ ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም፤ አላየሁትም። ከድር ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጆንያው "እፍ" ይላል፤ ጆንያው እፍ ባለ ቁጥር እኛ እናነጥሳለን። ከድር ሲያነጥስ መሪውን ይስታል፤ መሪውን ሲስት ሌላ ጉድጓድ ይገባል። መስኮቱን ስንከፍት ነፋሱ በርበሬውን ያነሳዋል፤ ስንዘጋው በርበሬው እኛን ያነሳናል። አማቴ ብቻ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው በመሐል በመሐል "ይማርዎ" ይሉኛል። ያውም በቀጥታ! ልብ ሳልለው ነው ያለፈኝ።

በመጨረሻ ውሃው ታየ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ድካሜ ሁሉ ጠፋ። ሰፊ፣ ብርማ፣ ዳር የሌለው የሚመስል ውሃ። የዓሣ አጥማጆች ጀልባ፣ ነጫጭ ወፎች፣ ዳር ዳሩን ደግሞ አባኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ለቅሶ እንደመጡ ሽማግሌዎች ትከሻቸውን ሰብቀው ቆመዋል። ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ። ትራይፖዴን ተከልኩ። ካሜራዬን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። ባርኔጣዬን አጠበቅኩ። ጀምበሯ ወደ ውሃው እስክትወርድ መጠበቅ ጀመርኩ።

ጠበቅኩ። ከድር መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ምን እየጠበቅን ነው?"

"ጀምበሯ ሐይቁ ውስጥ ስትጠልቅ።"

ከድር ሐይቁን አየ። ቀጥሎ ዞሮ ወደ ኋላ አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። "ወንድሜ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው፣ "ጀምበሯ እኮ ከኋላህ ናት።"

ዞርኩ። እውነቱን ነው። ጀምበሯ በመጣንበት በኩል፣ በየብሱ ላይ፣ ከአንድ የቆርቆሮ መጋዘን ጀርባ ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል። ከሐይቁ በስተምዕራብ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ጀምበር መጥለቂያ የሚጠብቅ ሰው ከእኔ በፊት ተፈጥሮ ከሆነ ስሙን ንገሩኝ፤ ማኅበር እናቋቁማለን። ስንት ማታ ካርታ አይቻለሁ! ሐይቁን አየሁ፣ መንገዱን አየሁ፣ ምግብ ቤቱን ሁሉ አየሁ፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ግን ካርታው ላይ አልተጻፈም።

ያኔ ነው ከፊቴ ላይ ላቡን ልጠርግ ብዬ በእጄ ዓይኔን ያሸሁት። በዚያው ጆንያ ሲጠቀጥቅ በዋለ እጄ።

እናንተዬ! በርበሬ ወጥ ውስጥ ነው የሚያውቃችሁ። ዓይን ውስጥ ሲገባ አያውቃችሁም። "ወይኔ!" ብዬ ጮህኩ፤ አባኮዳዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ተነሡ። ከድር ሮጦ መጣና "አይዞህ፣ አይዞህ" እያለ በመዳፉ ዓይኔን ጠረገልኝ። ከድርም አብሮኝ ጆንያ ሲጠቀጥቅ ነበር። አሁን በጣም ጮህኩ።

"አንተ!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። "አንተ ልጅ! ዓይንህን አትሸው ብያለሁ! እጅህን አውርድ!"

በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ ሆኜ ይሄ የማን ድምፅ ነው ብዬ አሰብኩ። አማቴ ነበሩ። ከሠርጌ ጀምሮ "እርስዎ" ሲባል የኖረ አማች በአንዴ "አንተ ልጅ" ሆነ። ጭንቅላቴን በአንድ እጃቸው ይዘው ወደ ኋላ አቀኑት፤ በሌላው ከጠርሙስ ውሃ አፈሰሱብኝ፤ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁኝ፤ እንደገና አፈሰሱ። "ጨፍን። ክፈት። ጨፍን አልኩህ!" እጃቸው ጠንካራ ነበር፤ እንሰት ሲፍቅ የኖረ እጅ ነው።

ዓይኔን ለመክፈት ስታገል ለቅጽበት አየሁ፤ ሐይቁ ተቀይሯል። ከኋላችን የምትገባዋ ጀምበር የመጨረሻ ብርሃኗን ውሃው ላይ በትናዋለች፤ ውሃው፣ ወፎቹ፣ ጀልባዎቹ ሁሉ የነጠረ ቅቤ የፈሰሰባቸው መስለዋል። ወርቃማዋ ሰዓት! ወዲያው ዓይኔ ተመልሶ ተከደነ።

"እማማ! ካሜራው! ይጫኑልኝ!"

"ምኑን?"

"ከላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ክቧን! ወደ ውሃው አዙረው!"

"ዓይንህ ይበልጣል ወይስ ፎቶ?"

"ፎቶ!"

"እግዚኦ" አሉና ተነሡ። ካሜራውን ከትራይፖዱ ላይ ሲነቅሉት ሰማሁ። ከዚያ "ቀጭ" አለ። "ጮኸብኝ!" አሉ። "እንዲጮህ ነው! ደጋግመው!" ከዚያ በኋላ ካሜራው እንደ በረዶ ወረደ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። "ማዘር፣ እኔን ሳይሆን ሐይቁን!" ይላል ከድር። "ዞር በልልኛ!" ይላሉ እሳቸው። ብርሃኑ እስኪያልቅ አልተዉትም። ሲጨርሱ እያለከለኩ ነበር፤ ደስ ብሏቸዋል መሰለኝ።

ያን ዕለት ተመልሰን ከድር ቤት ቡታጅራ አደርን። ጠዋት ዓይኔ እንደ ሊጥ ተነፍቶ ስነሳ የከድር አባት ስለ ጉዞአችን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። "ዝዋይማ" አሉ ቀዝቀዝ ብለው፣ "ጠዋት ነው የሚያምረው፤ ፀሐይ ከውሃው ውስጥ ብቅ ስትል።" ይህን ስንነጋገር ፀሐይዋ ከውሃው ወጥታ ከፍ ብላለች።

ወልቂጤ ገብቼ ፎቶዎቹን ከትዕግስት ጋር አየናቸው። የአማቴ ጫማ። የከድር ጆሮ፣ በጣም በቅርብ። ሰማይ፣ ሰማይ፣ ሰማይ። አፌን ከፍቼ የማለቅስበት እኔ፤ ብርሃኑ ፊቴ ላይ አርፎ፣ ከኋላዬ ሐይቁ ተንጣሎ። ይሄኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ በፊት ካየኋቸው የእኔ ፎቶዎች ሁሉ ያማረ ነው። ትዕግስት ሳቋ አልቆም ብሏት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

አቶ ንጉሤ ጋ የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ፎቶዎቹን በኮምፒውተር እያሳየሁ "እንግዲህ አልተሳካም ጋሼ" አልኳቸው። የማለቅስበት ላይ ቆም አሉ።

"ሐይቁ ግሩም ነው። ግን ይሄ ሰውዬ መግቢያ ላይ እያለቀሰ ቢሰቀል፣ እንግዳው የአልጋው ዋጋ ነው ያስለቀሰው ይላል። እለፈው።"

አለፍኩት። የሚቀጥለው መጣ። አቶ ንጉሤ ከወንበራቸው ተነሡ።

ሐይቁ ነው። ወርቅ የመሰለ ውሃ፣ አንዲት ጀልባ፣ የሚበርሩ ወፎች። በላይ በቀኝ ጥግ ደግሞ ክብ የመሰለ፣ የሚያበራ፣ ጠርዙ የሚቀልጥ ብርቱካናማ ነገር።

"ጀምበሯ!" አሉ።

"ጋሼ፣ ጀምበር አይደለችም። የአማቴ ሻሽ ነው። ነፋሱ ሌንሱ ፊት አምጥቶት ነው።"

አቶ ንጉሤ አዩኝ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "የአማቴ ሻሽ ይለኛል! ፎቶ አንሺዎች ስትባሉ ቀልዳችሁ አያልቅም!"

"ጋሼ፣ የምሬን ነው። ጀምበሯ ከኋላችን ነበረች።"

"በቃ፣ በቃ! ይቺው ናት! ግድግዳ ሙሉ አድርገህ አምጣ!"

ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። ሲሰቀል ደግሞ መሰላሉን ይዤ ሦስተኛ ጊዜ ነገርኳቸው። ለአናጢው "ስማው እስቲ ይሄን" አሉት።

ሆቴሉ የተመረቀ ዕለት ከተማው ሁሉ መጣ። ከድር ከቡታጅራ ሲመጣ በቆሼ ዞሮ ወይዘሮ ሉባባን ይዟቸው መጣ፤ አማቴ ናቸው "ካላመጣሃት ከመኪናህ አልወርድም" ብለው በስልክ ያዘዙት፣ ከመኪናው ውስጥ ባይሆኑም። ወይዘሮ ሉባባ የትዕግስትን ጉንጭ ይዘው "ወተቴ ጥሩ ነበር፤ ይኸው!" አሏት። አማቴ እኔን "አንተ፣ ወንበር አምጣ" አሉኝ። ወንበር ካመጣሁበት ከዚያ ቀን የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

እንግዶቹ በየተራ ፎቶው ፊት እየቆሙ "እፎይ!" ይላሉ። አቶ ንጉሤ አዲስ ሱፍ ለብሰው ፎቶው ሥር ቆመዋል፤ ጀምበሯን ራሳቸው ያወጧት ይመስላሉ። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ትልቅ እንግዳ ቀርበው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ጠየቁ።

"እንደዚህ ዓይነት ጀምበር እንዴት ተገኘች?"

አቶ ንጉሤ ወደ እኔ አዩ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ለአራተኛ ጊዜ እውነቱን ተናግሬ ለአራተኛ ጊዜ ሊሳቅብኝ ነው።

ከኋላዬ ወይዘሮ ሉባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፎቶውን ዓይናቸውን አጥብበው ሲያዩት ቆይተው ነበር። አማቴን በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸውና ወደ እንግዳው ቀና አሉ።

"ይቺን ጀምበርማ" አሉ፣ "እኔ ነኝ ከቆሼ ገበያ መርጬ የገዛኋት።"